የለም ብዬ የጻፍኩት ልጅ

ትናንት ረፋድ ላይ አበጀ ከአምበር ደወለልኝ። «ጋሼ ይበልጣል፣ እማማ አረፈች» አለኝ። እናቱ ወይዘሮ ጠጂቱ ሌሊት በተኙበት ነው ያረፉት። ከሩቅ የሚጠበቅ ዘመድ ስላለ ቀብሩ ለነገ እንደተባለ ነገረኝ። ቀጥሎ፣ «የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፍልኝ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም» አለኝ። እሺ አልኩት።

የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ የማያውቅ ያገሬ ሰው የለም። ቀብር የወጣ ሁሉ ሰምቶታል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ይልና መሐሉን አለፍ አለፍ ብሎ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ላይ ይደርሳል። እኔም ወረቀት ስቤ ጀመርኩና ሳላስበው እዚያችው ላይ ደረስኩ። «በሕክምና ሲረዱ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ነው የባነንኩት። ወይዘሮ ጠጂቱ በሰማንያ ዓመት ዕድሜያቸው አንድም ቀን ሐኪም ቤት አልተኙም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ እንደነበር ልጃቸው ነግሮኛል። ወረቀቱን ቀደድኩት። እኚህን ሴት አንድ ጊዜ በወግ ጽፌባቸዋለሁ፤ ሁለተኛ አይሆንም ብዬ ብዕሬን አስቀመጥኩና በረንዳ ላይ ወጣሁ። መስከረም ነው። ከጎረቤት የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። ያኔም እንዲሁ መስከረም ነበር።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከተደረደሩት ጃንጥላዎች በአራተኛው ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሀብቴ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የደንበኛ በርጩማና አንድ የአሻራ ቀለም ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ በአንደኛው ጃንጥላ ሥር የሚቀመጡት አቶ ምናለ ናቸው። «ማመልከቻ እንደ ወጥ ነው፤ ቅመም ካልገባበት ማን ይበላዋል?» ይሉ ነበር። ቅመሞቹን በቃሌ አስጠንተውኛል። ባሏ የሞተባት ሴት ከመጣች «ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ አቅመ ደካማ» ይባላል። ጎረቤቱን የሚከስ ሰው «በሰላም ወጥቼ መግባት ያልቻልኩ» ነው። መዝጊያው ለሁሉም አንድ ነው፤ «በእንባ እየታጠብኩ አመለክታለሁ»። አንድ ቀን ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የጉንደ ወይን ነጋዴ የሱቅ ፈቃዳቸው እንዲታደስ ማመልከቻ አስጽፈው በእንባ አሳጥቤያቸው ነበር። አነበቡትና፣ «ኧረ እኔ አላለቀስኩም! ግን ደስ ይላል፣ ተወው» አሉኝ።

ወይዘሮ ጠጂቱ በርጩማዬ ላይ የተቀመጡት ፋይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነው። ባላቸው ታመው ሳሉ መሬታቸውን ለአጎታቸው ልጅ ለሁለት ምርት አከራይተው ነበር። ባልየው ሞቱ፣ ሁለቱ ምርት አለፈ፣ መሬቱ ግን አልተመለሰም። ሴትዮዋ ሽማግሌ ሲልኩ፣ ሲለምኑ፣ ዛሬ ነገ ሲባሉ ብዙ ዓመት ነጎደ። በመጨረሻ ቢከሱ ፍርድ ቤቶቹ ከታች እስከ ላይ፣ ለመጠየቅ ዘግይተሻል፣ ጊዜው አልፏል አሏቸው።

«ከዚህ በላይ ማን አለ?» አሉኝ።

«ላይኛው ምክር ቤት አለ እማማ። ገበሬ ከመሬቱ አይነቀልም የሚል ሕገ መንግሥት አለን፤ ፍርዱ ያንን ይቃረናል ብለን ለዚያ እንጽፋለን።»

ይህን ያወቅሁት ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ስድስተኛ ክፍል አስተምረውኛል፤ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነው ነበር። ምክር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አይቀመጥም። በስብሰባው ሰሞን አባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ሲያበቃ በአውቶቡስ ይመለሳሉ፤ የቀረውን ጊዜ እቤታቸው ናቸው። እቤታቸው ናቸው ማለት ግን አርፈዋል ማለት አይደለም። ግቢያቸው ውስጥ ያለው አግዳሚ ባለጉዳይ ተለይቶት አያውቅም። ውኃ የጠፋበት፣ ሚስቱ የሄደችበት፣ በሬው የተሰረቀበት ሁሉ ይመጣል። ላይኛው ስለተባለ ከሁሉ የሚበልጥ መስሎታል ሰው። አንድ ቀን ለአንድ አዛውንት፣ «አባቴ፣ የእኛ ቤት መንገድ አይሠራም። ፍርድና ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ሲጋጭ ነው የምናይ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አዛውንቱ ግን፣ «ላይኛው ካልሠራው ታችኛው ሊሠራው ነው?» ብለው ቁጭ አሉ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳቁና ቆሎ አቀረቡላቸው።

የወይዘሮ ጠጂቱን ማመልከቻ ሦስት ገጽ አድርጌ ጻፍኩት። ኮርቼበት ነበር። አሻራ ከመደረጉ በፊት ለባለጉዳይ ማንበብ ልማዳችን ነውና አነበብኩላቸው። «ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ» ያልኩበት ላይ ስደርስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«ልጅ አለኝ እኮ፤ አበጀ። ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ ሄዶ ነው።»

«አውቃለሁ እማማ። ይኼ ወጉ ነው። ለሁሉም እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

አመነቱ። አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቶ በአየር ላይ ቆሞ ነበር፤ ዛሬም ይታየኛል። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና አሳረፉት። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል። የማላውቀውን ነገር አይደለም የጻፍኩት፤ ነግረውኛል።

ወረቀቱ ክረምት ሳይገባ በፖስታ ሄደ። ክረምቱ መሐል ላይ ደግሞ ለባላጋራቸው፣ መሬቱን ለያዘው ዘመድ፣ መልስ ስጥ ተብሎ ደረሰው። መልሱን ማን ጻፈለት ይመስላችኋል? አቶ ምናለ። የቅመሙን ጣዕም ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለምና፣ በማመልከቻዬ ውስጥ ብትፈለግ የምትገኘውን ደካማ ቦታ በአንድ ዕይታ አገኙት። «አመልካች በአሻራዋ እንዳረጋገጠችው ጧሪም ቀባሪም የላትም፤ ልጅ ነኝ እያለ መሬቱን ለመውረስ የሚጠብቀው ግለሰብ ልጇ አለመሆኑን ራሷ መስክራለች» ብለው ጻፉ። ቅመሙን ያስተማሩኝም እሳቸው፣ በቅመሙ የያዙኝም እሳቸው።

መስከረም ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው አንድ ወጣት መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ያከሰለው፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ነው። የመልሱን ግልባጭ ዘረጋልኝ። «አንብብልኝ» አለ። እኛ ጸሐፊዎች የምናነብበት ዜማ አለን፤ በዚያው ዜማ አነበብኩለት። ልጇ አለመሆኑን የሚለው ላይ ስደርስ፣ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። ዜማው ግን ከአፌ ጠፋ።

«አበጀ የምባል እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሰሊጥ ሳጭድ ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። እናቴ ዘንድ ልድረስ እያልኩ ነው የተነሳሁ። ስደርስ ራሴን በወረቀት ተቀብሬ አገኘሁት» አለኝ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አላወቀም። እኔም አልነገርኩትም። ተነስቶ ሄደ። ከእናቱ ቤት ወጥቶ ደብረ ኤልያስ አጎቱ ዘንድ መግባቱን ሰማሁ።

በማግስቱ ወይዘሮ ጠጂቱ መጡ። አልተቀመጡም። «ይበልጤ፣ ጉዳዩን ትቼዋለሁ ብለህ ጻፍልኝ። መሬቱ ይቅርብኝ። ልጄ ስሜን መጥራት እንኳ ጠላ። አንተ ወጉ ነው ብትለኝም እሱ ወጉን አያውቀው» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እስከ ሐሙስ ይታገሡኝ እማማ» አልኳቸው። «ሐሙስ ጠዋት የአዲስ አበባው አውቶቡስ አምበር ላይ ሲያልፍ መንገድ ዳር ይጠብቁኝ።» ምን እንደማደርግ ገና አላውቅም ነበር። ሐሙስ ያልኩት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለምክር ቤቱ መክፈቻ የሚሄዱት የዚያን ቀን ስለነበረ ነው።

እቤታቸው ስሄድ ሻንጣቸውን እያሰናዱ ነበር። የማመልከቻዬን ግልባጭ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። የመምህርነት ልማድ አይለቅምና ቀይ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። ሦስቱን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡ። ቀዩ የነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

«አየህ ልጄ፣ እዚያ ቤት ሰው አናይም» አሉኝ። «የምናየው ወረቀት ነው። ጠጂቱ ከአምበር ስትነሳ ሰው ናት፤ አባይን ስትሻገር ወረቀት ትሆናለች። ወረቀቱ ልጅ የለም ካለ የለም። እዚያ ቆሞ፣ ኧረ አለ፣ የሚል ጎረቤት የላትም።»

«እርስዎ ቢነግሩልኝስ?»

«እኔ ያገር ሰው ጉዳይ በቦርሳዬ አልይዝም። ዛሬ የጠጂቱን ብይዝ ነገ የባላጋራዋን ልይዝ ነው። ያልተባለውን የጻፍህ አንተ ነህ። አንተው አስተካክለህ ጻፍ፤ በራስህ ስም፣ በራስህ ፊርማ።»

ወደ ጃንጥላዬ ስመለስ አቶ ምናለ ጠረጠሩኝ መሰል ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «አንድ ጊዜ ብቻ ያልተባለ ጽፌያለሁ ብለህ ፈርም፤ ከዚያ ወዲያ እዚህ በር ላይ የተረታ ሁሉ ጸሐፊው ነው የፈጠረው ይላል። ያንተን ብቻ አይደለም፣ የሁላችንንም እንጀራ ነው የምትዘጋው። ማን በበርጩማህ ይቀመጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። የእኔም እናት ከዚያች በርጩማ ነበር የምትበላው። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ጊዜ ወረቀት አስገብቼ ሁለት ጊዜ አወጣሁ። በሦስተኛው ቅመሙን ሁሉ ተውኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ደብዳቤ ነው። «ጧሪ ቀባሪ የላትም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ጠጂቱ አላሉም። ልጅ አለኝ ብለው ነግረውኝ ነበር። ልጃቸው አበጀ ይባላል።» ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

የዚያኑ ዕለት በአይሱዙ ላይ ተጭኜ ደብረ ኤልያስ ሄድኩ። ዝናቡ ገና ጨርሶ አላባራም፤ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። አበጀን ያገኘሁት የአጎቱ ማሳ ዳር አጥር ሲያጥር ነው። ሰላም ሳልለው ነው ደብዳቤውን ያነበብኩለት፤ ሰላም ካልኩት ድፍረቴ የሚያልቅ መስሎኝ። ቆሞ ሰማኝ። ድንጋይ ቢያነሳብኝ እንኳ አልሸሽም ብዬ ነበር።

«ያን ቀን ያነበብክልኝ ጊዜ አንተ እንደሆንክ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

አጥሩን ትቶ ተቀመጠ። አጎቱ ጥብስ በቆሎ ይዘው መጡ፣ አንዱን ለኔ ሰጡኝ። ቁጭ ብለን በልተን ጨረስን። ከዚያ አበጀ፣ «ይህን እዚያ ሁሉም ያነበዋል?» ሲል ጠየቀኝ። የሚመለከታቸው ያነቡታል አልኩት። «እንግዲያ የአባቴንም የአያቴንም ስም ጨምርበት። አበጀ ብቻ ብለህ ብትጽፍ የየትኛዋ ጠጂቱ ልጅ እንደሆንኩ ማን ያውቃል?» አለኝ። በእጄ ጽሑፍ ጨመርኩበት። «ፖስታ ቤት አታስገባው፤ እኔ አደርሰዋለሁ» አለ።

በዚያው ምሽት ደብረ ማርቆስ ተመልሰን፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ውስጥ ነበርን። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከፊት፣ እኔና አበጀ ከኋላ። እኔ እስከ አምበር ነበርኩ። በመስኮቱ አደይ ያለበሰው ሜዳ ያልፋል፤ አበጀ ግን ጫማውን ነው የሚያየው። አምበር ስንደርስ ወይዘሮ ጠጂቱ መንገድ ዳር ነጠላቸውን አጥብቀው ቆመዋል። የጠበቁት እኔን ነበር። ከበሩ የወረደው አበጀ ነው። ሁለቱም ቆሙ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዞር ብለው በመምህርት ዓይናቸው አዩት፣ ዝም አለ።

«ከስተሃል» አሉት እናቱ።

«ወባ ነው» አለ።

ከነጠላቸው ሥር ለእኔ ይዘውት የመጡትን ዳቦ አወጡና ለልጃቸው ሰጡት። ጉልበታቸውን ስሞ ተመልሶ ወጣ። አውቶቡሱ ሲሄድ እኔና ወይዘሮ ጠጂቱ መንገዱ ላይ ቀረን። ደብዳቤውን በቃሌ ነገርኳቸው። «ይኼን ያህል አጭር ነው እንዴ ጽሑፍ?» አሉኝ። ዳቦዬን ተነጠቅሁ ብዬ ስቀልድ ሳቁ። ከዚያ እኔው አለቀስኩ፤ ማመልከቻ ላይ ጽፌው የማላውቅ እውነተኛ እንባ ነበር።

የቀረውን የነገሩኝ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። አበጀን ደብዳቤ የሚቀበሉበት መስኮት ድረስ አሳይተውት ራቅ ብለው ቆሙ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አየና፣ «አንተስ ማን ነህ?» አለው። «የሌለው ልጅ ነኝ» አለው አበጀ። ሠራተኛው ቀና ብሎ አየው፣ ደብዳቤውን እንደገና አነበበና ሳቁን ይዞ ማኅተሙን መታበት።

ውሳኔው የመጣው በዓመቱ ነው። ከስብሰባው መልስ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አግዳሚው ላይ አስቀምጠው አወሩልኝ። ያ ትልቅ አዳራሽ ከየአገሩ ማዕዘን በመጣ ሰው ተሞልቷል፤ ባለኮቱም፣ ሽርጥ ያገለደመውም፣ ጥምጣም የጠመጠመውም አለ። ጊዜው አልፏል የሚለው ክርክር ሲነበብ ከቆላ የመጡ አንድ አርብቶ አደር ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣ «መሬት ጊዜው ያልፍበታል እንዴ? እኛ ዘንድ ጊዜው የሚያልፍበት ወተት ነው» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ተባለ፤ መሬቱ ለወይዘሮ ጠጂቱ ይመለስ።

«እርስዎም እጅዎን አወጡ?» አልኳቸው።

«ጠጂቱን አውቃታለሁ። የማውቀው ሰው ጉዳይ ሲሆን እጄ ጭኔ ላይ ይቀመጣል» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ስለ ልጁ ግን አንድም ሰው አላነሳም። የተነሳው ሕጉ ብቻ ነው። ያቺ ደብዳቤህ ብትኖርም ባትኖርም ውሳኔው ያው ነበር» አሉ።

ቅር አለኝ፤ ምን ልዋሽ። ወጣት ነበርኩና የረታሁት እኔ መስሎኝ ነበር። ቅሬታዬን አይተው ቆሎ ዘገኑልኝ። «መሬቱን ምክር ቤቱ መለሰላት። ልጇን ማን መለሰላት?» አሉኝ።

አቶ ምናለ የተናገሩት ደረሰብኝ። ወሬው በሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ደንበኛዬ ከግማሽ በታች ሆነ፣ ያን ክረምት እናቴና እኔ ድንች በዳጣ ብቻ የበላንበት ወር ነበረ። ኋላ ጥቂት ሰው፣ በተለይ ነገሩ እውነት የሆነ ሰው፣ እየፈለገ ይመጣልኝ ጀመር። ብዙ አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃንጥላዬን አጥፌ ሌላ ሥራ ያዝኩ። አቶ ምናለ ግን የሽኝቴ ዕለት ምሳ ጋበዙኝ።

ትናንት ከበረንዳው ተመልሼ ተቀመጥኩና እንደገና ጀመርኩ። ሕክምናውን ተውኩት። «መሬታቸውን ካስመለሱ በኋላ በየዓመቱ ራሳቸው አዝመራው ላይ እየቆሙ ያሰበስቡ ነበር» ብዬ ጻፍኩ፤ እውነት ነው። «ሰባት የልጅ ልጆች አይተዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሲያልቅ ለአበጀ ደወልኩ። ነገ ቀብሩ ላይ ቄሱ ከማንበባቸው በፊት እሱ እንዲሰማው ፈልጌ ነበር። አሻራ ከመደረጉ በፊት ለባለጉዳይ ማንበብ ልማዳችን ነው።

ያለ ዜማ አነበብኩለት። ከጀርባው የለቅሶ ቤት ሰው ድምፅና የእንጨት ፈለጣ ይሰማኛል። መጨረሻው ላይ ደረስኩ።

«ወይዘሮ ጠጂቱ ጧሪም ቀባሪም ነበራቸው። ስሙም አበጀ ይባላል።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩለት።